«እኛ ጋ መሬት አይንቀጠቀጥም» አትበሉ

የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙም በማይታወቅባቸው አገሮች ሰው «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ሲል ያሳስበኛል። የአደጋ ካርታው እኮ «የለም» አይልም። «ከስንት ጊዜ አንዴ ነው» ነው የሚለው።

ኪላሪን ልጥቀስ። ህንድ፣ ማሃራሽትራ ውስጥ ያለች መንደር ነች። አካባቢው በአገሪቱ ካርታ ላይ ዝቅተኛው የአደጋ ደረጃ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1993 ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ሁሉ እንቅልፍ ላይ እያለ፣ መጠኑ 6.2 የሆነ መንቀጥቀጥ መጣና ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ። ጃፓን ውስጥ ይህ መጠን ያን ያህል ሰው አይጨርስም። እነዚያን ሰዎች የገደላቸው የራሳቸው ቤት ነው፦ በድንጋይና በጭቃ የተካበ ወፍራም ግድግዳ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ከባድ የአፈር ጣሪያ። ማን አስጠንቅቋቸው ነበር? ህንድ በ2002 ካርታዋን ስታሻሽል ያንን ዝቅተኛ ደረጃ ጭራሽ አስቀረችው።

የድህነት ጉዳይ ብቻም አይደለም። አውስትራሊያ ኒውካስል ውስጥ በ1989 መጠኑ 5.6 የሆነ መንቀጥቀጥ 13 ሰው ገድሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ጫናው ቶሎ ይጠራቀማል፣ ቶሎም ይፈነዳል፤ ስለዚህ ሰው ያውቀዋል፣ ይዘጋጅበታል። ከድንበሩ ርቆ መሃል ላይ ግን አንድ ስንጥቅ ሺህ ዓመታት ዝም ብሎ ሊቆይ ይችላል። እኛ በመሣሪያ መመዝገብ ከጀመርን ገና መቶ ዓመት ብናልፍ ነው። በዚች አጭር ጊዜ ምንም አላየንም ብሎ መተማመን እንዴት ይሆናል? ደግሞ በነዚህ ቦታዎች ድንጋዩ ብዙውን ጊዜ ያረጀና ጠንካራ ስለሆነ ንዝረቱን ሩቅ ያደርሰዋል። በ2011 አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ የደረሰው 5.8 ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኘውን የዋሽንግተን ሐውልት ሰነጣጥቋል።

«ለማይመጣ ነገር ገንዘብ አይባክን» የሚሉ አሉ። ሌላ ብዙ ችግር እንዳለ ይገባኛል። ሁሉም ሕንፃ እንደ ቶኪዮ ይሠራም አላልኩም። ግን ቢያንስ አዲስ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሲሠራ ግድግዳውን ዙሪያውን በብረትና በኮንክሪት ማሰር፣ ጣሪያውንም ከግድግዳው ጋር በደንብ ማያያዝ ይቻላል። ግንባታው ላይ እያሉ ይህን ማድረግ ብዙ አያስወጣም። የቆመን ሕንፃ እንደገና ማጠናከር ነው የሚከብደው።