ማስተካከያ፦ ስለ ደም ስር ማሸጊያው መሣሪያ
ባለፈው ጽሑፌ፣ በጉበት ካንሰር ቀዶ ጥገና ደም ስር የሚያሽገው መሣሪያ «ሞትን ይቀንሳል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ።

መሣሪያው እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ደም ስር ጨምቆ በኤሌክትሪክ ሙቀት ያሽጋል። ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋውን ሐኪሙ በክር ይቋጥራል። ነገር ግን በተራ መቆንጠጫ ከሚሠራው ይልቅ ሕይወት እንደሚያተርፍ በንጽጽር ጥናቶች አልተረጋገጠም።

ወጪውንም አሳንሼዋለሁ። የቆጠርኩት የማሽኑን ዋጋ ብቻ ነው። ከማሽኑ ጋር የሚገናኘው፣ ደም ስሩን የሚጨምቀው እጀታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ታካሚ ብቻ የተሠራ ነው፤ ለሚቀጥለው ሌላ ይገዛል።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለች እህት ደውላ «ለአባባ ወርቄን ሸጬ ልግዛለት?» አለችኝ። ደነገጥኩ። እህቴ፣ እኔ በጻፍኩት ተነስተሽ እንዳትሸጪ። መጀመሪያ አባባን የሚያክመውን የቀዶ ጥገና ሐኪም አነጋግሪው።