የሐምሌ ሻምፒዮን

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ባጃጅ የተሳፈረ ሁሉ እንኳን ደስ ያለው፤ ዋንጫው ተበልቷል። የእንግሊዝ ሊግ ገና አልተጀመረም፤ ይሄ ግን ለተራ ሰው ነው እንጂ ለማንቼ፣ ለማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ችግር አይደለም። የኔ ሾፌር የአዲሱን ፈራሚ ፍጥነት ሊያስረዳኝ መሪውን ለቆ በሁለት እጁ ያሳየኝ ነበር። ሰኞ ገበያ መውረጃዬን አሳልፎኝ በካፊያ ተመለስኩ። ምን ይደረግ፣ ታሪክ ሲሠራ ጥቂት ሰው ይበሰብሳል።

የማንቼ አሰልጣኝ የነበሩት ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በፈረንጆቹ 2013 የመጨረሻውን የሊግ ዋንጫ አንስተው ጡረታ ወጡ። ደጋፊያቸው ግን ሥራ ላይ ነው። በየሐምሌው ሻምፒዮን ይሆናል። እንዲህ ያለ ጽናት ከየት ይመጣል?

ከሁሉም የማደንቀው አንድ የሸዋ በር ሰፈር ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ በየጁስ ቤቱ አንድ አንድ አለላችሁ። ሐምሌ 5 ቀን 2014 ዩናይትድ ባንኮክ ላይ ሊቨርፑልን 4 ለ 0 አሸነፈ። የዝግጅት ጨዋታ ነው። ሊቨርፑል ተጫዋቹን በጅምላ ይቀያይር ነበር። ሰውዬው በዚያው ዕለት የስልኩን ፎቶ ዋንጫ አደረገ። ሚስቱ «ጣሪያው ያፈሳል» ብትለው «አዎ፣ የኋላ መስመር ችግር አለ፤ ተከላካይ እየመጣ ነው» አላት። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። በዚያው ቀን ብራይተን ሜዳቸው ኦልድትራፎርድ ድረስ መጥቶ 2 ለ 1 ረታቸው። «ገና አልተዋሃዱም» አለ። ነሐሴ 7 ብሬንትፎርድ በ35 ደቂቃ ውስጥ አራት አገባባቸው። 4 ለ 0! የባንኮኳ ውጤት፣ ተገልብጣ። «ሙቀቱ ነው» አለን፤ እኛ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶብን፣ ጋቢ ደርበን እያየን። ነሐሴ 16 ጾሙ ተፈታ። ማታውን ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸነፉ። ሰውዬው ሲዘል የሰው ወንበር ሰበረ። «ጾም ይዘው ነበር! ባንኮክ ላይ ምን ብዬ ነበር?» ሙስሊም ጎረቤቱ ሳይቀር «እንኳን አደረሰህ» አለው። ጣሪያው እስካሁን ያፈሳል።

በ2017 ክረምትም አሜሪካ ሄደው የዝግጅት ዋንጫ ይዘው መጡ። ነሐሴ 21 አራተኛ እርከን ላይ ያለው ግሪምስቢ በመለያ ምት 12 ለ 11 አሰናበታቸው። የኛ ሰው «ቢያንስ 11 አግብተናል» አለ።

ሳቁ የሚያልቅብኝ ቤቲንግ ቤቱ በር ላይ ነው። «ዘንድሮ የኛ ነው» የሚለው ወሬ ጢም ያላበቀለ ልጅ ትኬት ያስቆርጣል። መስከረም ሊጠባ ነው። ደብተር አለ፣ ዩኒፎርም አለ። እናት ጉሊት ተቀምጣ ያጠራቀመችው ብር በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። በሩ ላይ «ታዳጊ አይገባም» ብሎ ለጥፎ ልጁን በስሙ ጠርቶ የሚያስገባ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? አጠገቡ ቆሞ ቡድን የሚመርጥለት ጎልማሳስ? አያፍርም?

ይሁን። የአርሴናል ደጋፊ ይሄን እያነበበ እንደሚስቅ አውቃለሁ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥቶ «ሂደቱን እመኑ» ሲለን የከረመ ሰው ጥርሱን ቢሰበስብ ጥሩ ነው። ለሱም ሌላ ሐምሌ አለን።

ለማንኛውም ዲኤስቲቪ ቤት ወንበር የምትፈልጉ በመጀመሪያው ቅዳሜ በጊዜ ግቡ፤ መቆሚያም አይገኝም። የማትቸኩሉ ሦስተኛውን ሳምንት ጠብቁ። ያኔ እግር ዘርግቶ ማየት ይቻላል።