ኮንቴይነር ለቫን አይሆንም? ሜትር አምጡና እንለካ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጭነት አስተላላፊ ለደንበኞቹ መልእክት ላከ። እኔም ደረሰኝ። "ከእንግዲህ ከጃፓን የሚወጡ ትንንሽ ቫኖችን በኮንቴይነር አንጭንም፤ ሁሉም በሮሮ መርከብ ይሄዳሉ" ይላል። ሮሮ ማለት መኪናው ራሱ እየተነዳ የሚገባበትና የሚወጣበት መርከብ ነው። ሦስት ምክንያት ደርድሯል። ኮንቴይነር ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ሾፌሩ ቫኑን አስገብቶ መውጣት አይችልም። የኮንቴይነሩ ግማሽ ባዶ ይሄዳል።

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ በጣም ያሳቀኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ ከተጓጓዙት 250 ሚሊዮን ገደማ ኮንቴይነሮች ውስጥ ባሕር የገቡት 221 ናቸው። ቁጥሩ የወርልድ ሺፒንግ ካውንስል ነው። የመርከብ ድርጅቶቹ የራሳቸው ማኅበር ስለሆነ አናምነውም ካላችሁ በአሥር አባዙት። አሁንም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሮሮውስ? ፌሊሲቲ ኤስ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 4,000 መኪና እንደያዘች አትላንቲክ ላይ ተቃጥላ ሰጠመች። ፍሪማንትል ሃይዌይ በ2023 ሰሜን ባሕር ላይ ነደደች፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ሞርኒንግ ሚዳስ በ2025 ወደ 3,000 መኪና ይዛ ፓስፊክ ውስጥ ገባች። ኮንቴይነር ጫኝ መርከብም ይቃጠላል፣ አልካድኩም። ግን መኪና ከመኪና ጋር ተጠጋግቶ፣ መሀላቸው ግድግዳ በሌለበት ሰፊ ወለል ላይ ከሚደረደርበት መርከብ ሆኖ ስለ ኮንቴይነር አደጋ ማውራት ድፍረት ይጠይቃል።

ሾፌሩ መውጣት አይችልም የሚለው ደግሞ ቫን በቅርብ ያላየ ሰው ወሬ ነው። የኮንቴይነር የውስጥ ስፋት 2.35 ሜትር ነው። የቫኑ ስፋት 1.48። ቫኑን ወደ አንዱ ግድግዳ ጠጋ ካደረጉት በሌላው በኩል ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ቦታ ይቀራል። እንደ ተራ መኪና የፊት በር ገፍቶ መክፈት ላይቻል ይችላል። ግን የቫን የኋላ የጎን በር ተንሸራታች ነው! ወደ ውጭ አይከፈትም፣ በጎን ይሄዳል። ሾፌሩ ሞተር ያጠፋል፣ የእጅ ፍሬን ይስባል፣ በመቀመጫዎቹ መሀል ወደ ኋላ ይሻገራል፣ በሩን ያንሸራትታል፣ ይወርዳል። ሴዳን ሲጫን ነው በመስኮት መሹለክ የሚመጣው። እኔ ቆሜ ያየሁት ልጅ ስፖኪዮ አጥፎ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ታኮ እስኪያቀብሉት ድረስ ስልኩን ሲነካካ ነበር።

ሦስተኛው ነው ነገሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

እነዚህ ትንንሽ ቫኖች በጃፓን ሕግ ኬይ በሚባለው ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ልኩም የታወቀ ነው። ርዝመት ከ3.40 ሜትር፣ ስፋት ከ1.48፣ ቁመት ከ2 ሜትር አይበልጥም። ሞተሩም ከ660 ሲሲ አያልፍም። ሱዙኪ ኤቨሪ በሉት፣ ዳይሃትሱ ሃይጄት በሉት፣ ሁሉም በዚህ ልክ የተሠራ ነው። የተራ ኮንቴይነር በር ከፍታ ደግሞ 2.28 ሜትር ገደማ ነው። ጣሪያው ላይ ዕቃ መጫኛ ካልተገጠመበት በቀር አይገባም ሊባል የሚችል ኬይ ቫን የለም ማለት ነው። ባለ 40 ጫማው ውስጡ 12 ሜትር ነው። ሦስት ቫን ሲደረደር 10.20 ይይዛል፤ 1.80 ይተርፋል። በቫኖቹ መሀል ክፍተት ተትቶ፣ ጎማው ሥር ታኮ ተመትቶ፣ በማሰሪያ ቀበቶ ተወጥሮ ይበቃል። እንዲህ ያለ ልክክ ያለ ነገር በጭነት ሥራ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገኛል?

"ግን ከላይና ከጎን አየር ነው" ይሉኛል። አዎ፣ አየር ነው። ታዲያ ሙሉት! አንድ ቫን አንድ ቶን ቢመዝን ነው፤ ሦስቱ ሦስት ቶን። ባለ 40 ጫማው ከ26 ቶን በላይ ይሸከማል። ቫን ራሱ ባዶ ሣጥን ነው። ሆዱ ውስጥ ጎማ ይገባል፣ በር ይገባል፣ መብራት ይገባል፣ የተፈታ ማርሽ ሣጥን ይገባል። ሰነዱ ላይ በትክክል ይጻፍ፣ ይመዘን፣ ይታሰር። ሮሮ ላይ ይህን ሞክሩት። አብዛኞቹ መኪናው ውስጥ ዕቃ አይፈቅዱም፤ ክፍያውም በኩብ ሜትር ነው። የባዶውን የቫን ሆድ አየር ከፍላችሁ ታሻግራላችሁ። ስለ አየር የሚቆጨው ሰው ይህኛው አየር እንዴት አልታየውም? ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው። ታኮ መምታትና ቀበቶ መወጠር ላብ ይጠይቃል፤ ሮሮ ላይ ግን ቁልፍ አስረክቦ መሄድ ነው።

ቁልፍ ካልኩ አይቀር፣ አንዴ በሮሮ ያስመጣሁት ቫን ስኮርታ ጎማውና ክሪኩ የሉም፣ ቴፑ የነበረበት ቦታ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ማን ወሰደው? ማንም አያውቅም። ከወደብ እስከ ወደብ ስንት እጅ እንደነዳው የሚመዘግብ የለም። ኮንቴይነር ግን ማኅተም አለው፤ ቁጥሩ ሰነዱ ላይ ይሰፍራል፤ ከተቀየረ ይታወቃል።

አንዲት ቫን ብቻ የገዛ፣ ሌላ ዕቃም የሚጋራውም የሌለው ሰው በሮሮ ቢልክ አልፈርድበትም። ከዚያ ያለፈ ግን አልሰጥም።

የመልእክቱ መጨረሻ "ስለምትረዱን እናመሰግናለን" ይላል። አልተረዳሁም። በማግስቱ ሌላ ጫኝ ጋ ደወልኩ። ሦስት ቫን ናቸው አልኩት። ስለ ባሕርም ስለ አየርም አላነሳም። "ባትሪያቸውን እኛ እንንቀል ወይስ አንተ ነቅለህ ታመጣለህ?" ብቻ አለኝ።