የመግባቢያ ሰነዱ የዘነጋው ሰው

ከአራት ኪሎ በአምስት ኪሎ በኩል ስድስት ኪሎ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ይበቃል። በዚህ አጭር መንገድ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ የምህንድስናና የማኅበራዊ ሳይንስ ግቢዎች ተሰድረዋል፤ በሦስቱም ውስጥ የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር ሲነሳ መስማት የተለመደ ነው። የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ሰነዱም መሳቢያ ይገባል። በሰነዱ ላይ የፕሬዚዳንቱና የሥራ አስኪያጁ ስም ሲሰፍር፣ ዕውቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያመላልሰው የዶክትሬት ተማሪ ግን አይጠቀስም።

ዩኒቨርሲቲው የዶክትሬት ትምህርት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ለአንድ ሴሚስተር ወደ ፋብሪካ የሚላክ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ማሽኑን ለምዶ ሳይጨርስ ይመለሳል፤ መምህሩም በማስተማር ጫና ተይዟል። በአንድ ችግር ላይ ለዓመታት የሚቆየው የዶክትሬት ተማሪው ብቻ ነው።

እኔ በአምስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ ከአንድ የቆዳ ፋብሪካ የፍሳሽ ናሙና ለማግኘት የትብብር ደብዳቤ ይዤ ለሳምንታት ተመላልሻለሁ። በመጨረሻ በሩን ያስከፈተልኝ ደብዳቤው ሳይሆን የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። ከገባሁ በኋላ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ የማላገኘውን ተማርኩ። በተለመደው አሠራር ለቆዳ ማልፊያ ከሚገባው የክሮም ጨው ሲሶ ያህሉ ቆዳው ሳይዘው ከውኃው ጋር ይወጣል። የፋብሪካው ጥያቄ «ይህን ክሮም የቆዳውን ጥራት ሳናበላሽ እንዴት እንመልሰው?» የሚል ሲሆን፣ የኬሚስቱ ጥያቄ ደግሞ ክሮሙ ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ለምን በሙሉ እንደማይጣበቅ ነው። የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው፣ መልሱንም ወደ ፋብሪካው ቋንቋ የሚመልሰው ተማሪው ነው። የቆዳ ቁራጭ በፈላ ውኃ ነክረው መኮማተር አለመኮማተሩን በማየት በደንብ መልፋቱን የሚፈርዱ አንድ አዛውንት ባለሙያ፣ የደጋ በግና የባቲ ፍየል ቆዳ በአንድ መንከሪያ አንድ ዓይነት ውጤት እንደማይሰጡ የነገሩኝ በሻይ ሰዓት ነበር።

አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ፋብሪካው ተማሪውን እንደ ርካሽ ባለሙያ ቆጥሮ የዕለት ብልሽት ሲያስጠግነው ከዋለ፣ አዲስ ዕውቀት ማፍለቅ የሚጠበቅበት ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ለዚህ መላ ዘርግታለች፦ ኩባንያው ተማሪውን ለሦስት ዓመት በደመወዝ ይቀጥራል፣ መንግሥት ለኩባንያው ድጎማ ይሰጣል፣ ዩኒቨርሲቲውና ኩባንያው በጋራ ያማክሩታል። የዴንማርክም አሠራር ተቀራራቢ ነው። እኛ እነርሱን እንዳለ መገልበጥ አንችልም፤ አብዛኛው የዶክትሬት ተማሪያችን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተላከ መምህር በመሆኑ አሠሪ አለው። ሁለት አማካሪዎች መመደብና ተማሪው በፋብሪካው የሚያሳልፈውን ጊዜ ቀድሞ መወሰን ግን ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

የሚከብደው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ፈጠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው እንደሚሆን ይደነግጋል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ፣ በሌላው እየተማረ፣ በፋብሪካ ግቢ የሚሠራ ሰው አሠሪው ማን ነው ሊባል ነው? ይህ ናሙና ከመወሰዱ በፊት በጽሑፍ ካልተፈታ፣ ውጤቱ ሲያምር ጠብ ይሆናል። ፋብሪካው የሚሠጋው ለቀመሩ ከሆነ ቀመሩ በኮድ ይጻፍ፣ ጽሑፉም ከመታተሙ በፊት የሚያነብበት የተቆረጠ ቀን ይሰጠው። ተማሪው ከዓመታት ድካም በኋላ በፈታኞቹ ፊት ቆሞ «ይህን መናገር አልችልም» እንዲል የሚያስገድደውን ውል ግን ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያውኑ መፈረም የለበትም።