እና ሕጉን የሚያውቀው ማነው?

ዛሬስ በቃኝ! ሐዋሳ ላይ ለአንዲት ሚጢጢ ሱቅ የመብራት ቆጣሪ ላስገባ ብዬ ነው ይሄ ሁሉ ፍዳ። አንዱ ተቆጣጣሪ «የግራውንድ ሽቦው (ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው) ቀጭን ነው፣ ቀይር» አለኝ። ቀየርኩ። ዛሬ ሌላው መጥቶ «ማን ቀይር አለህ?» አይለኝም? የእናንተው ሰው ነዋ! የትኛው አንቀጽ ላይ ነው ስለው «አሠራራችን ነው» ይላል። የሕንፃ አዋጅ አለ። የኢነርጂ አዋጅ 810/2006 አለ። ለሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታም ኮድ (የቴክኒክ ደንብ) ወጥቷል። ታዲያ ተርጓሚው ማነው? ማዘጋጃ ቤቱ? ቆጣሪ ሰጪው? ወይስ የተቆጣጣሪው የዕለት ስሜት? ኤሌክትሪሺያኑማ (ፈቃድ አለው ተብዬው) «ያሉህን አድርግ» ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ጎረቤቴ በአንዲት የሶኬት ማከፋፈያ ላይ ምጣድም፣ ምድጃም፣ ፍሪጅም ሰክቷል። እሱን የጠየቀው የለም።