«ጥበቃውን አጥፉት» የሚለው ምክር ይብቃ

ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) በሚያስነሳው በቨርቹዋልቦክስ ፕሮግራም መስኮት ግርጌ፣ ከትንንሾቹ ምልክቶች መካከል፣ አንዳንዴ አንዲት አረንጓዴ ኤሊ ብቅ ትላለች። ብዙ ሰው ልብ አይላትም። ትናንት በደህና ይሠራ የነበረ ቨርቹዋል ማሽን ዛሬ ለመነሳት ብቻ ደቂቃዎች ሲፈጅበት፣ ባለቤቱ ራም ይጨምርለታል፤ ካልሆነም ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭናል። ኤሊዋ የምትለው ግን ሌላ ነው፦ የፕሮሰሰሩን የቨርቹዋላይዜሽን አቅም ቀድሞ የያዘ አለ። የያዘውም ራሱ ዊንዶውስ ነው።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኤኤምዲ ደግሞ በ2006 ለቨርቹዋል ማሽን የሚሆን ልዩ አቅም ፕሮሰሰሮቻቸው ላይ ጨመሩ። በዚህ አቅም የሚሠራው ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ከከርነሉ፣ ማለትም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ በታች ሆኖ ሁሉን ያዛል፤ ያ ቦታ ደግሞ አንድ ነው። ለዓመታት እንደ ቪኤምዌር ያሉ ፕሮግራሞች ሲጠቀሙበት ኖሩ። በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣው ክሬደንሺያል ጋርድ የተባለ ጥበቃ ግን ያንኑ ቦታ ፈለገው፦ የይለፍ ቃል ምስጢሮችን ከርነሉ እንኳ በማያየው ክፍል ለመደበቅ። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለውም እዚያው ሆኖ ወደ ከርነል የሚገባውን ኮድ ይፈትሻል። በ2021 ዊንዶውስ 11 ሲወጣ፣ ይህ ፍተሻ አቅሙ ባላቸው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ማንም ሳያበራው በርቶ ይመጣ ጀመር።

ጥበቃው አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ከሜሞሪ የይለፍ ቃል ምስጢር የሚዘርፉ መሣሪያዎች በአንድ ኮምፒውተር ገብተው የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ በሙሉ ሲያዳርሱ ኖረዋል። ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሱ ፕሮግራሞችም ቢሆኑ ቀዳዳ አያጡም። በ2015 ቬኖም የተባለው ክፍተት የተገኘው ኪውኢሙ በሚባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ውስጥ፣ የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያን በሚያስመስለው ኮድ ላይ ነው። ፍሎፒ የሚጠቀም ሰው በጠፋበት ዘመን፣ ከቨርቹዋል ማሽኑ ወደ አስተናጋጁ ኮምፒውተር ሊያሻግር የሚችል መንገድ እዚያ ተቀምጦ ነበር። ከርነል ድረስ የሚገባ ፕሮግራም ፈቃድ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ቅሬታዬ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ቦታው ሲያዝ ለኮምፒውተሩ ባለቤት የነገረው የለም። እሱም መላ ፍለጋ ሲወጣ የሚያገኘው ምክር ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ ሜሞሪ ኢንተግሪቲን አጥፋ፣ ሴኪዩር ቡትን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልተፈረመ ኮድ የሚከለክለውን) አጥፋ፣ ኤስኢሊኑክስን (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞች ምን መንካት እንደሚችሉ የሚወስነውን) አጥፋ። ያጠፋል፣ ይሠራለታል፣ ያመሰግናል። መልሰህ አብራው የሚለው ግን አያገኝም።

ትክክለኛውን መንገድ ልከተል ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው ደግሞ እንይ። ሊኑክስ ላይ ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ የተዘጋጀውን የቨርቹዋልቦክስ ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጨመር ኮድ) ከርነሉ ፊርማ የለውም ብሎ ይመልሰዋል። መፍትሔው የራስን ዲጂታል የመፈረሚያ ቁልፍ ሠርቶ፣ በዚያ ፈርሞ፣ ቁልፉን ማስመዝገብ ነው። ምዝገባው የሚያልቀው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ነው፤ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ከኪቦርዱ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን እያለ ከ10 ሰከንድ ወደ ታች ይቆጥራል። በዚያች ቅጽበት ዓይናችሁን ከስክሪኑ ካነሳችሁ፣ ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል፤ ሞጁሉም እንደገና ይመለሳል። ማክ ላይም እንዲሁ ነው። በ2017 ሃይ ሲየራ የተባለው የማክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቅጂ ሲወጣ ከውጭ የሚመጣ የከርነል ተጨማሪ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቅ ጀመር፤ የፈቃዱ ቁልፍ ግን ሴቲንግ ውስጥ የሚታየው ለ30 ደቂቃ ብቻ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው መጫኛው ተበላሽቷል ቢል አይፈረድበትም።

እኔም ከአጥፊዎቹ አንዱ ነበርኩ። ከቨርቹዋል ማሽን ጋር ያጋራሁት ፎልደር አልከፈት አለኝ፤ የፋይሉን ፈቃድ ባየው ባየው ትክክል ነው። የከለከለው ኤስኢሊኑክስ ነበር፤ ፎልደሩ ላይ ትክክለኛውን መለያ መለጠፍ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ለአሥር ደቂቃ ብዬ ጥበቃውን ከኮንፊገሬሽን ፋይሉ አጠፋሁት። ከወራት በኋላ ሌላ ነገር ስፈልግ ያንን ፋይል ከፈትኩ፤ እንደጠፋ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የማላምናቸውን ፋይሎች የምከፍተው በዚያው ኮምፒውተር ነበር።

በጣም የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ቨርቹዋል ማሽን ራሱ የጥበቃ መሣሪያ ነው። አጠራጣሪ ፋይል የሚመረምር ሰው የሚጠጋው ወደ እሱ ነው። ከተንቀራፈፈበት ትዕግሥቱ ያልቅና ፋይሉን ዋናው ኮምፒውተር ላይ ይከፍተዋል። ያኔ የጥበቃ ፖሊሲው ሊከላከለው የወጣውን አደጋ ራሱ ጋበዘው ማለት ነው።

ደግሞም ግጭቱ የማይፈታ አይደለም። አፕል ከ2014 ጀምሮ ቨርቹዋል ማሽን ያለ ከርነል ተጨማሪ የሚሠራበትን ሃይፐርቫይዘር ፍሬምወርክ አቅርቧል። ዊንዶውስም ተመሳሳይ በር ከፍቷል፤ የቪኤምዌር ወርክስቴሽን 15.5.5 ቅጂ በ2020 በዚያ በር ገብቶ ከዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ጋር አብሮ መሥራት ጀመረ። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ይሠራል። ከዚያ በፊት የነበረው ቪኤምዌር ከክሬደንሺያል ጋርድ ጋር አልስማማም ብሎ ጨርሶ እንቢ ይል ነበር። እሱም ቢሆን ቢያንስ የከለከለውን በስሙ ይጠራ ነበርና ከዝምታው ይሻላል ባይ ነኝ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩት ሰዎች እንግዲህ ጥበቃውን ከማብራታቸው በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ቨርቹዋል ማሽን መኖሩን አይተው ይንገሩን። ሲከለክሉም የከለከለውን ፖሊሲ በስሙ ይጥሩልን፤ ለዚያ ፎልደር ወይም ለዚያ ሞጁል ብቻ የሚሆን ፈቃድ እዚያው ያቅርቡልን። ማጥፋት ግድ ሲሆን ደግሞ ኤስኢሊኑክስ ላይ ሴትኤንፎርስ በሚባለው ትእዛዝ የሚደረገውን ይምሰል፤ እሱ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ጥበቃው በራሱ ተመልሶ ይበራል። እኔ ያን ቀን መጠቀም የነበረብኝ እሱን ነበር፤ የማንም መመሪያ ግን አላሳየኝም።