እጅ የሚነሣ ባትሪ

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱን አለፍ ብሎ ነው። ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል ከእኛ እምብዛም አይርቅም፤ ጉርብትናው ግን እስካሁን የፈየደልን ነገር የለም። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የልጆች «ኡኡ!» ይሰማል፤ ቀጥሎ የባትሪ ጦርነት ይጀመራል።

ድሮ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርስ የቆርቆሮ ባትሪ ነበረን። ብርሃኑ ቢጫ፣ ጠባዩ ጨዋ፤ ድንጋዩ ሲደክም እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር። የዛሬዋ ኤልኢዲ ግን ጣት ታህልና ዓይን ታጠፋለች። ማታ ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ የሚያዘግም ሰው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይታወራል።

«ማነህ?» ይላል ብርሃኑ።

«እኔ ነኝ» ትላለህ፣ መዳፍህን ግንባርህ ላይ ጋርደህ።

«ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ! እንዴት አመሸህ?» ይልሃል፤ ባትሪውን ግን ከፊትህ አያነሣም። ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ የታመመችው ላም፣ ሁሉም ደህና መሆናቸው ተጠይቆ እስኪያልቅ እንደ ተያዘ ሌባ ቆመህ ትመልሳለህ። ሰላምታችን መርዘሙ የሚያምረው በቀን ነው።

የእኔም ባትሪ ያው ነበር። ወይ ቦግ ወይ ድርግም እንጂ መሐል አያውቅም። ልጄ ሌሊት ውኃ ስጠኝ ስትለኝ ሳበራው አውራ ዶሮው ነጋ ብሎ ይጮኻል።

ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ከተሰባበረ ባትሪ ክምር ውስጥ ግንባሩ የተሰነጠቀ አንድ አገኘሁ። ሻጩ ልጅ የቂጡን ማብሪያ እያሳየኝ፣ ለስለስ አድርገው ሲጫኑት ደብዘዝ፣ ጠበቅ ሲያደርጉት ቦግ የሚል ነበር አለኝ። «መብራቱ ሞቶ አንተ በምን አወቅህ?» ብዬ ብጠይቀው «ፋዘር፣ የምትገዛ ከሆነ ግዛ» አለኝ። ገዛሁ።

ነገሩ ቀላል ነው። ኤሌክትሪኩ ከድንጋዩ አፍንጫ ተነሥቶ መብራቱን ያበራና በባትሪው ገላ ዞሮ በቂጡ በኩል ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። ስለዚህ መንገዱን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ቂጡ ነው። ባለ ሁለት ደረጃው ክዳን ውስጥ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ሬዚስተር አለች፤ ለስለስ ሲሉት ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል እየተጋፋ ያልፋል፤ ጠበቅ ሲሉት እሷን ትቶ በአቋራጭ ይሮጣል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌዮርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 የዚህን ግፊያ ሕግ በሒሳብ አሳትሞታል፤ እኛ ግን ከቢሮ ደጃፍ እናውቀዋለን። ሬዚስተሯ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ናት፤ ጠበቅ አድርጎ መጫን ማለት ደግሞ ውስጥ ዘመድ መኖር ነው።

ክዳኑን ከተሰነጠቀው ፈትቼ በራሴው ባትሪ ቂጥ ላይ ልገጥመው ነው። ዕድሜ ለርካሽነቱ፣ የእኔ ባትሪ ግንባሩ ላይ የረቀቀ ሰርኪዩት የለውም፤ ቢኖረው ዘበኛዋን አልሰማም ሊል ይችል ነበር። ጥርሱም በዕድል ገጠመ። መብራቱ ግን እምቢ አለ። ሞላውን ሳብኩት፣ ድንጋዩን ገለበጥኩት፣ ተሳደብኩ። በሁለተኛው ሌሊት ነው የገባኝ፦ ቀለም የመሰለኝ ጥቁር ልባስ ለካ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የባለቤቴን የጥፍር ሞረድ ሰርቄ የባትሪውን አፍ ዳር ፈገፈግኩት። ነጭ አሉሚኒየም ብቅ አለ፤ ክዳኑን አጥብቄ አዞርኩና በአውራ ጣቴ ለስለስ አድርጌ ተጫንኩት። ግድግዳው ላይ እንደ ጧፍ ያለ ብርሃን ፈሰሰ።

ባለቤቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ አየችው። «ሁለት ሌሊት የለፋኸው እንዲደበዝዝልህ ነው?»

በማግስቱ ማታ የእድራችንን ዳኛ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አውራ ጣቴን አላልቼ ብርሃኑን ዝቅ አደረግኩላቸው። «ድንጋዩ አልቆብህ ነው አይደል? ኑሮ ተወዷል» ብለው አዘኑልኝ። ትንሽ አለፍ ብዬ አንድ ደላላ፣ ማን መሆኑን ሳለይ፣ ቦግ አደረግኩበት። በቃ። እስከ እሑድ ድረስ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፦ ለደላላው ቦግ፣ ለጋሼ ድብዝዝ!

እድር ላይ ተነሣብኝ። «ጋሼ፣ ዝቅ ያደረግኩት እኮ አክብሬዎት ነው። ባትሪው እጅ እየነሣዎት ነበር» አልኩ።

ጋሼ በትራቸውን መሬት ላይ ቀጠቀጡ። «በጨለማ የተነሣ እጅ ማን ያየዋል? አክብሮት ከሆነ ሰው ይየው!»

ሽማግሌዎች ገቡበት፣ ከዚህም ከዚያም ተባለ። በመጨረሻ መጀመሪያ ቦግ ብሎ ሰው እንዲያይ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ እጅ እንዲነሣ ተወሰነ። ተስማማሁ። ጣቴም ቶሎ ለመደው፤ አሁን ለሁሉም ቦግ፣ ከዚያ ዝቅ ነው። ሁለት ጎረምሶች ማብሪያ ግዛልን ብለው ብር ሰጥተውኛል።

ባለፈው ሳምንት ከለቅሶ ቤት ስመለስ ጅረቱ ጋ ሁለት ዓይኖች አበሩብኝ። ቦግ አደረግኩ። ጅብ ነው፣ የጥጃ ቁመት ያለው። ከዚያ ጣቴ፣ እኔን ሳያማክር፣ ላላና ዝቅ አደረገለት። ጅቡ ስለ ቤተሰቡ እንድጠይቀው የሚጠብቅ ይመስል ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ መንገዱን ለቀቀልኝ።

ለጋሼ እስካሁን አልነገርኳቸውም።